ዳገት ላይ የሚቆመው የዝናብ መጥረጊያ

ጥያቄው የመጣው ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ጠያቂው የ1953 ሸቭሮሌ 3100 ፒክአፕ እያደሰ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ተሠርቷል፣ ቀለሙም አልቋል። ታድሶ የተሸጠ የቫኪዩም መጥረጊያ ሞተር ገዝቶ ገጠመ። «ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ መጥረጊያው እየተጎተተ ይሄዳል። ነዳጅ ስሰጠው ቀጥ ይላል። ስዘጋው የመስታወቱ መሃል ላይ ይቀራል። መጥረጊያውን ከገጠምኩ ወዲህ ደግሞ መኪናው ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጥብኛል። መጥረጊያውን አውጥቼ ልጣለውና በኤሌክትሪክ ልተካው?» ይላል።

ወንድሜ፣ እባክህ አትጣለው። ከጻፍከው ውስጥ የመጥረጊያው ሞተር ራሱ መበላሸቱን የሚያረጋግጥ ነገር አላየሁም። የዘረዘርካቸው አራት ምልክቶች ከተለያየ ቦታ የሚመጡ ናቸው። አንዱ እንዲያውም ብልሽት አይደለም፣ የዕቃው ጠባይ ነው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ የቆዩ መኪኖች ሳድስ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። «ይሄ ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ የቫኪዩም መጥረጊያዎች አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ። ችግሩ ያለው ከእነሱ በፊት ወይም ከእነሱ በኋላ ነበር።

አሠራሩን ካልያዝክ ፍለጋህ ሁሉ በግምት ስለሚሆን ከዚያ ልጀምር። መኪናው ሚኒሞ ላይ ሲሆን የካርቡሬተሩ በር ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ፒስተኖቹ አየር ይስባሉ፣ አየሩ ግን እንደ ልቡ አይገባም። ስለዚህ ማኒፎልዱ፣ ማለትም ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በጣም ያንሳል። ቫኪዩም የምንለው ይኸው ነው። ከማኒፎልዱ አንድ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ ወደ መጥረጊያው ሞተር ይሄዳል። እዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለም። የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ክፍል ነው። በውስጡ ከዘንግ ጋር የተያያዘ ሳህን አለ፣ ዳር ዳሩ በቆዳ የታሸገ። በአንዱ ጎን ቫኪዩም፣ በሌላው ጎን የውጭ አየር ይገባል። አየሩ ሳህኑን ገፍቶ ዳር ሲያደርሰው ትንሽዬ ቫልቭ «ጠቅ» ብላ ትገለበጥና ጎኖቹን ታቀያይራለች። ሳህኑ ይመለሳል። ደግሞ «ጠቅ»፣ ደግሞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ሳህኑን የሚያንቀሳቅሰው ቫኪዩሙ ስቦት ሳይሆን የውጭው አየር ገፍቶት ነው። የአንተ ጉዳይ ግማሹ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አንተ ያለህበት አገር አየሩ ስስ ነው።

ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት በሜርኩሪ ሲለካ 30 ኢንች ያህል ነው። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ኦሮራ ያለችበት የዴንቨር አካባቢ 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ ያለህ 25 ኢንች ያህል ነው። ስለዚህ እኔ ጋ ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 20 ኢንች ቫኪዩም የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር፣ አንተ ጋ ሲመጣ ከ13 እስከ 15 ያሳያል። የቫኪዩም መለኪያው ጌጅ 14 ላይ ቢቆም ሞተሬ ታመመ ብለህ እንዳትደነግጥ። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ከቆመ ደህና ነው። ግን መጥረጊያህ ከመጀመሪያው በሩብ ያነሰ ጉልበት ይዞ ነው የሚጀምረው። ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው ትንሽ ቢያፈስ ወይም ትንሽ ቢከብደው ላያስተውለው ይችላል። አንተ ግን ያቺን ትንሽ ነገር ወዲያው ታያታለህ።

ይህን በዓይኔ ያየሁት አሜሪካ ሳልመጣ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ልጅ ሆኜ ሥራ ስማር አንድ አሮጌ ዊሊስ ጂፕ ነበረች። በክረምት ወደ እንጦጦ ስንወጣ ዝናቡ በወረደ ቁጥር መጥረጊያዋ ይሞታል። ሾፌሩ አዛውንት ነበሩ፣ አልተጨነቁም። እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ለአንድ አፍታ ያነሳሉ፣ መጥረጊያው ሁለት ሦስት ጊዜ ሽው ሽው ይላል፣ ከዚያ መልሰው ይረግጣሉ። እንደዚያ እያሉ ላይ ደረሱ። ምክንያቱን ያኔ አልገባኝም ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ነዳጅ ሲረገጥ የካርቡሬተሩ በር ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ቫኪዩሙ ይጠፋል። «ነዳጅ ስሰጠው ቀጥ ይላል» ያልከው ይኸው ነው። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ የትኛውም መኪና ላይ የሚቀረው ቫኪዩም ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ስለዚህ ከአራቱ ምልክቶች ይህ ብልሽት አይደለም። ማሻሻል ግን ይቻላል፣ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያ ሥራህ ሁለት ቁጥር መጻፍ ነው። ቫኪዩም ጌጅ ከሌለህ ግዛ፣ ውድ ዕቃ አይደለም። መኪናውን በደንብ አሙቀህ ጌጁን ማኒፎልዱ ላይ ሰካና ሚኒሞ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ። ቀጥለህ ቱቦውን ወደ ቦታው መልስና ጌጁን በሌላኛው ጫፍ፣ የመጥረጊያው ሞተር ውስጥ በሚገባበት በኩል ሰካ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። ሁለተኛው ካነሰ መንገድ ላይ የሚያፈስ ወይም የሚዘጋ አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ቱቦ ነው። ሰው ያገኘውን የቤንዚን ቱቦ ወይም ስስ ጎማ ይገጥማል፣ እሱ ሲሞቅ ወደ ውስጥ ይኮማተርና ቀዳዳው ይዘጋል። ለመጥረጊያ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ግድግዳ ያለው ነው፣ የውስጥ ስፋቱ 7/32 ኢንች። እሱን ግዛ። በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ላሜራ በሚያልፍበት ቦታ የጎማ ቀለበት አድርግለት፣ አለበለዚያ የላሜራው ጠርዝ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል። በሹል ማዕዘን አትጠፈው። ወደ ጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አታስጠጋው።

ስለ መንቀጥቀጡ። መኪናው ሚኒሞ ላይ እያለ የጎማውን ቱቦ ማኒፎልዱ አጠገብ በጨርቅ ጠቅልለህ በፒንሳ ቆንጥጠው። መንቀጥቀጡ ከቆመ አየር የሚገባው በመጥረጊያው መስመር ነው። ማኒፎልዱ ውስጥ ያልተፈቀደ አየር ሲገባ ድብልቁ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ለቀዳዳው የቀረበው ሲሊንደር ደግሞ ይብሳል። አሁን ቁንጥጫውን ወደ መጥረጊያው ጫፍ አምጣው። እዚህ ስትቆነጥጠውም መንቀጥቀጡ ከቆመ የሚያፈሰው መጥረጊያው ነው። እዚህ ሲሆን ካልቆመ ግን የሚያፈሰው ቱቦው ነው። መጀመሪያውኑ ምንም ለውጥ ካላመጣ መጥረጊያውን ተወውና የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እይ። በቅርብ የተሠራ ሞተር ላይ ብሎኖቹ ከሙቀት በኋላ ድጋሚ ሳይጠበቁ ሲቀሩ ይህ ይገጥማል።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚዘለው ቦታ እንሂድ። እኔ ብዙ መጥረጊያ ያስነሳሁት እዚህ ነው። የመጥረጊያው ሞተር ክሩስኮቱ ስር መሃል ላይ ነው ያለው። ከሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሁለት ዘንጎች ይሄዳሉ። ዘንጎቹ መስታወቱ ስር ያሉትን ሁለት ማዞሪያዎች ያንቀሳቅሳሉ፣ ክንዶቹ የሚሰኩት እነሱ ላይ ነው። ሁለቱንም ዘንጎች ከሞተሩ ንቀል። ከውጭ ክንዱን ከመስታወቱ ላይ አንስተህ ማዞሪያውን በአንድ ጣት ግፋው። በአንድ ጣት! ሁለት ጣት ከፈለገ ተይዟል ማለት ነው። ከ1953 ጀምሮ የተቀመጠ ግሪስ አሁን ግሪስ አይደለም፣ እንደ ሰም ደርቆ እንደ ሙጫ የያዘ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ፒክአፕ ላይ ማዞሪያውን ስፈታ ግሪሱ ቡናማ ቅርፊት ሆኖ በካቻቢቴ ጫፍ እየተፈነቀለ ነው የወጣው። በላዩ ደግሞ አዲሱ ቀለም በዘንጉ ዙሪያ ገብቶ ደርቆ ነበር። ያንተም በቅርብ ስለተቀባ ይህን ቀድመህ እይ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አዲስ የመጥረጊያ ሞተር ገዝቶ ነበር። እኔ ምንም ሳልገዛ ሁለቱን ማዞሪያዎች አውጥቼ፣ በኬሮሲን አጥቤ፣ አዲስ ስስ ግሪስ ቀብቼ መለስኳቸው። ሠራ።

ሲጸዳ ደግሞ ተቃራኒውን ፈትሽ። ማዞሪያው ወዲያና ወዲህ የሚንገዳገድ ከሆነ ቡሹ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ አልቋል። የዘንጎቹ መጋጠሚያ ቀዳዳዎችም ይሰፋሉ። ከሞተሩ የሚወጣው እንቅስቃሴ አጭር ነው፣ በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ ከጠፋ መስታወቱ ላይ ሲደርስ ብዙ ይሆናል። ቡሹን ቀይር።

ሁለቱም ዘንጎች እንደተነቀሉ ሚኒሞ ላይ የመጥረጊያውን ሞተር ብቻውን አስነሳው። ያለ ጭነት ፈጥኖ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መሄድ አለበት። እንዲህ ከሄደ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ እጅህን አንሳለት። ወደ አንድ በኩል ፈጥኖ ወደ ሌላው ከተጎተተ ወይም ደካማ ከሆነ ቆዳው ደርቋል። «የታደሰ» ተብሎ የተሸጠ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ የተቀመጠ ቆዳ ይደርቃል። መድኃኒቱ ከከብት እግርና ሰኮና የሚወጣው ዘይት ነው፣ ኮርቻ የሚያለሰልሱበት። አንተ ያለኸው የፈረስ አገር ስለሆነ የኮርቻ ዕቃ በሚሸጥበት ሁሉ ታገኘዋለህ። ጥቂት ጠብታ በቫኪዩሙ ቀዳዳ አስገባና ሞተሩን እያዘነበልክ ዘንጉን በእጅህ ቀስ ብለህ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅስ። አንድ ሌሊት ተወው። በማግስቱ ድገመው። ዝገት ማስለቀቂያ ስፕሬይ አትንፋበት። ቆዳው ላይ የነበረውን ቅባት ያጥበዋል፣ ለሁለት ቀን የሠራ መስሎህ በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ብሶ ታገኘዋለህ።

«ስዘጋው መሃል ላይ ይቀራል» ያልከው የኬብሉ ጉዳይ ይመስለኛል። እነዚህ ሞተሮች ሲዘጉ ዝም ብለው አይቆሙም። የመዝጊያ ቦታው ላይ ቫልቩ ቫኪዩሙን በአንድ ጎን ብቻ ይተወዋል፣ ሳህኑም ዳር ሄዶ እዚያ ተይዞ ይቆያል። ክንዱን ከታች የሚያስተኛው ይህ ነው። ከክሩስኮቱ ቁልፍ የሚመጣው ኬብል ትንሽ ካጠረ ወይም ከላላ ቫልቩ የመዝጊያው ጫፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ኬብሉን ከሞተሩ ላይ ፍታና ቫልቩን በጣትህ እስከ መጨረሻው ግፋው። ክንዱ ዳር ሄዶ ከተኛ መልሱን አገኘህ። ቫልቩ ጫፉ ላይ እንዳለ፣ ቁልፉም ሙሉ በሙሉ ገብቶ እንዳለ ኬብሉን እሰር። ሲከፈትም እስከ ጫፍ መድረሱን አረጋግጥ። ግማሽ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ መጥረጊያውን ያዘገየዋል።

ስትመልሰው ስለ ማሰሪያ ብሎኖቹ አደራ። የሞተሩ ቤት በፎርም የፈሰሰ ለስላሳ ብረት ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር እንደ ሸክላ ይሰበራል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዱን ትንሽ ጠበቅ ላድርገው ብዬ ጆሮውን ሰነጠቅኩት። ሌላ እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ጠበቅን፣ ባለ መኪናው የቆዩ መኪኖች ሰልፍ አመለጠው። ዛሬም ያንን ስንጥቅ አስታውሰዋለሁ። የጎማ ንጣፉን አስቀምጥ፣ ብሎኖቹን በእጅህ ይዘህ አስገባ፣ ንጣፉ ትንሽ ሲጨመቅ አቁም። ይህን ሁሉ ደግሞ ማሞቂያውና የጓንት ሳጥኑ ሳይገጠሙ ጨርስ። ከተገጠሙ በኋላ እጅ የሚያስገባ ቦታ አይኖርህም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንመለስ። የድሮዎቹ መሐንዲሶችም ይህን ችግር ያውቁት ነበር። የክሊቭላንዶቹ የፎልበርት ወንድማማቾች በ1922 በአየር የሚሠራ መጥረጊያ ፓተንት ሲያገኙ፣ የቡፋሎው ትሪኮ ኩባንያ ደግሞ የቫኪዩም መጥረጊያን በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ሲያስገባ፣ አየር ነጻ ነበር፣ የዚያ ዘመን ባትሪ ግን ደካማ ነበር። ምርጫቸው ሞኝነት አልነበረም። ዳገቱን ለማለፍ ሁለት መላ አመጡ። አንደኛው የቫኪዩም ጋን ነው። አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለው ባዶ ቆርቆሮ ኮፈኑ ስር ይገጠማል። ሚኒሞ ላይ ቫኪዩም ያጠራቅማል፣ ነዳጅ ስትረግጥ ለጥቂት ዙር ያበድርሃል። መኪና ለመቅደም ይበቃል፣ ለረጅም ዳገት አይበቃም።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ሥራ የቤንዚን ፓምፕ ነው። ከስር ቤንዚን ይገፋል፣ ከላይ ሌላ ዲያፍራም አለው፣ እሱ ለመጥረጊያው ቫኪዩም ያመርታል። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ስለሚሠራ ነዳጅ ብትረግጥም መጥረጊያው አይሞትም። የመጥረጊያው ቱቦ ወደ ፓምፑ መግቢያ ይሄዳል፣ የፓምፑ መውጫ ደግሞ ወደ ማኒፎልዱ። አንተን ብሆን የማወጣው ገንዘብ ለዚህ ነው። ግን አዲስ ዲያፍራም ያለው መሆኑን አረጋግጥ። የቫኪዩሙ ዲያፍራም ከተቀደደ ፓምፑ ከካርተሩ (ከሞተሩ የታችኛው ክፍል) የሞተር ዘይት እየሳበ ወደ ማኒፎልዱ ይልካል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ሰው ደንግጦ የፒስተን ቀለበት አለቀ ብሎ ሞተር ያስፈታል። ቱቦውን ነቅለህ ውስጡ የዘይት እርጥበት ካገኘህ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ፣ ሰውን በዚህ አልወቅስም። ግን መኪናህ ከፋብሪካ የወጣው በ6 ቮልት ነው። የ12 ቮልት መጥረጊያ ለማስገባት ዲናሞውን፣ አምፖሎቹን፣ ጌጆቹን ሁሉ መንካት ሊመጣ ነው። ለአንድ መጥረጊያ ብለህ የመኪናውን ግማሽ ልትቀይር። በዓመት ጥቂት ቀን፣ በከተማ ውስጥ የምትነዳው ከሆነ አያስፈልግህም። በበረዶ ወቅት በአይ-70 አውራ ጎዳና በተራራው ወደ አይዘንሃወር ዋሻ የምትወጣ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ 3,400 ሜትር ላይ ነህ፣ ከኋላህ ከባድ መኪና አለ፣ ፔዳልህ ወለል ላይ ነው፣ ማኒፎልዱ ለመጥረጊያው የሚሰጠው የለውም። ያን መንገድ በዝናብና በበረዶ የምትጠቀም ከሆነ ያለ ባለ ሁለቱ ፓምፕ እንዳትወጣ። ፓምፑን ካላገኘህ የ6 ቮልት ኤሌክትሪክ መጥረጊያ ፈልግ፣ ይገኛል። ማየት ከሁሉም ይቀድማል።

ክንዶቹን በመጨረሻ ስካ። መጀመሪያ ሞተሩ ተዘግቶ ዳር እንዲተኛ አድርግ፣ ከዚያ ክንዶቹን በተኙበት ቦታ ልክ ስካቸው። የ1953ቱ መስታወት ከመሃል የተከፈለ ሁለት ጠፍጣፋ ስለሆነ ከመጀመሪያው ርዝመት የበለጠ ላስቲክ አትግጠም። ረጅም ላስቲክ ጭነት ነው፣ መሃል ላይ ያለውንም ጎማ ይመታል። ክንዱ መስታወቱን የሚጫንበት ኃይል ለእያንዳንዱ ኢንች ላስቲክ አንድ አውንስ ያህል ቢሆን ይበቃል። የዓሣ ሚዛን ካለህ ክንዱን ከላስቲኩ መሃል አንጠልጥለህ ለካው። ለዘመናዊ መኪና የተሠራ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ክንድ የቫኪዩም ሞተርን አንቆ ይይዘዋል። መስታወቱንም በደንብ አጽዳው፣ ውሃ የሚያንሸራትት ፈሳሽ ብትቀባው ጥሩ ነው። ደረቅ መስታወት ላይ ደግሞ በፍጹም አትሞክረው። አንድ ሰው ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ውሃ እያፈሰሰልህ ሞክር።

ሁለቱን ቁጥሮች ለካና ላክልኝ፣ ማኒፎልዱ ላይ ያለውንና የቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን። ማዞሪያዎቹ በአንድ ጣት ተገፍተው እንደሆነም ጨምርልኝ። ከዚያ ተነስተን ፓምፑን መፈለግ ይኖርብህ እንደሆነ አብረን እናያለን።